የመጀመሪያዋ መኪና ራዲያተር አልነበራትም፦ የአምስት መኪናዎችና የ27 ዓመታት የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

አንድ ባለመኪና በ27 ዓመታት ውስጥ አምስት መኪናዎችን ነድቷል። አምስተኛዋን ሸጦ ስድስተኛ ሊገዛ ሲነሳ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው መካኒክ፣ ያለፉትን ለምን እንደሸጣቸው ጠየቀው። መልሱ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደም። ሁለተኛዋ ሞተሯ ደካማ ነበር፤ ሦስተኛዋ ወጪዋ በዛ፤ አራተኛዋ አውቶማቲክ ካምቢዮዋ (ማርሽ ሳጥኗ) ሞተ። የመጀመሪያዋ ግን አንድም ቀን አላስቸገረችም፣ የተሸጠችውም አርጅታ ብቻ ነው። አምስተኛዋን ለመሸጥ የፈለገበት ምክንያትም ከዚሁ ትውስታ የመጣ ነው። አውቶማቲክ ናት፤ ኪሎሜትሯም የአራተኛዋ ካምቢዮ ወደሞተበት ቁጥር እየተጠጋ ነው።

መካኒኩ መልሱን እንዳለ አልተቀበለውም። ባለመኪናው ደረሰኝ የማይጥል ሰው ስለሆነ፣ ሁለቱ ተቀምጠው የአምስቱንም መኪናዎች ታሪክ ከትውስታ ሳይሆን ከወረቀት ላይ እንደገና ጻፉት። ሥራው አምስት ቅዳሜዎችን ወሰደ። ጉዳዩ መመዝገብ ያለበት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ትውስታውና ወረቀቱ በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች አልተገናኙም። ሁለተኛ፣ ሦስት መኪናዎችን ያሸጠው ብልሽት በየጊዜው ሌላ ስም እየያዘ ቢመጣም፣ ሥሩ ግን አንድ ሆኖ ተገኘ።

አምስቱ መኪናዎች

የመጀመሪያዋ ቮልስዋገን ቢትል 1300 ናት። ስድስት ዓመት ተነዳች፤ ወደ 74,000 ኪሎሜትር። ቁጥሩ ግምት የሆነው ኮንታኪሎሜትሯ አምስት አሃዝ ብቻ ስለነበረው፣ 99,999 ሲሞላ ከዜሮ ስለሚጀምርና ገመዱም ሰባት ወር ያህል ተበጥሶ ስለቆየ ነው። ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ራዲያተር የላትም፣ የውሃ ማኒኮቶ (የላስቲክ ቱቦ) የላትም፣ የውሃ ፖምፓ የላትም። ሙቀቱን የሚያወርዱት በዲናሞው ዘንግ ላይ የሚዞረው ማራገቢያና የሞተር ዘይቱ ናቸው። የዚህች መኪና ጥያቄ ተቆጥሮ የሚታወቅ ነበር፦ በየ5,000 ኪሎሜትሩ 2.5 ሊትር ዘይት መቀየር፣ የወረቀት ፊልትሮ ስለሌላት ከሥር ያለውን ወንፊት ፈትቶ ማጠብ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቮላዎቹን (አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ በሮቹን) ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ላይ ማስተካከል። ባለመኪናው ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ይሠራ ነበር።

ሁለተኛዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ 1.6 ሊትር ቤንዚን፣ ብሎኳ (የሞተሩ ዋና አካል) ብረት፣ ቴስታታዋ (ከብሎኩ በላይ የሚገጠመው የሞተር ክፍል) አሉሚኒየም። በሰባት ዓመት 118,000 ኪሎሜትር ሄደች። ሦስተኛዋ ዲዝል ፒክ አፕ ነበረች፤ አራት ዓመት፣ 96,000 ኪሎሜትር። አራተኛዋ ባለ 1.3 ሊትር ትንሽ አውቶማቲክ፣ ስድስት ዓመት፣ 88,000 ኪሎሜትር። አምስተኛዋ ባለ 1.8 ሊትር አውቶማቲክ ስትሆን ጥናቱ ሲጀመር በባለመኪናው እጅ አራት ዓመት ሆኗታል።

የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኮሮላዋ ሙቀት ስትሠራ «ዲዝል ይሻላል» ተባለና ፒክ አፕ ተገዛ። ፒክ አፑ የቺንጋ (የሞተሩ የላስቲክ ቀበቶ) መቀየሪያው ሲደርስና ወጪው ሲከማች ቺንጋ የሌላት፣ በካቴና (በብረት ሰንሰለት) የምትሠራ ትንሽ መኪና ተፈለገች። እያንዳንዷ መኪና የተመረጠችው ያለፈችው መኪና በመጨረሻ ያሳየችውን ብልሽት ለማምለጥ ነው። ብልሽቱ ከየት እንደመጣ ግን በአንዱም ግዢ ላይ አልተጠየቀም።

ሥራው እንዴት ተሠራ

መጀመሪያ፣ ደረሰኞቹ ከካርቶን ከመውጣታቸው በፊት ባለመኪናው የሚያስታውሰውን ሁሉ በወረቀት ላይ አሰፈረ፦ ስለ እያንዳንዷ መኪና የተበላሸው ምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደቆመች፣ በሊትር ስንት ኪሎሜትር እንደምትሄድ። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ የለበትም። ደረሰኝ ካዩ በኋላ የሚጻፍ ትውስታ ከደረሰኙ ጋር ተስማምቶ ይመጣል፤ ያኔ የሚነጻጸር ነገር አይኖርም።

ከዚያ ወረቀቶቹ ተቆጠሩ። 187 ነበሩ። 23ቱ የማይነበቡ ሆነው ተገኙ፤ የሚገርመውም አብዛኞቹ የቅርብ ጊዜዎቹ ናቸው። በካርቦን የተጻፉት የቮልሷ ደረሰኞች ከሃያ ዓመት በኋላም ይነበባሉ፤ በሙቀት የሚታተሙት የዘመኑ ቀጫጭን ደረሰኞች ግን በጥቂት ዓመታት ነጭ ወረቀት ሆነዋል። ከቀሩት 164 ውስጥ 31ዱ የነዳጅ ብቻ ስለነበሩ ለብቻ ተቀመጡ። 133ቱ ወደ ሠንጠረዥ ገቡ፤ 78 መደበኛ ሰርቪስ፣ 55 ጥገና።

ሠንጠረዡ ስድስት ዓምድ ነበረው፦ ቀን፣ ኪሎሜትር፣ የታየው ምልክት፣ የተሠራው ሥራ፣ መኪናዋ የቆመችበት ቀን ብዛት፣ እና ምክንያት። ከስድስቱ ብዙ ክርክር ያስነሳው የመጨረሻው ነው። ደረሰኝ የሚነግረው የተቀየረውን ዕቃ እንጂ ዕቃው ለምን እንደሞተ አይደለም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ መለኪያ ሆነ፦ ይህ ዕቃ በሰዓቱ ምን ቢደረግለት ኖሮ አይበላሽም ነበር? መልሱ «ምንም» ከሆነ ዕቃው ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ነው። የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ባትሪ፣ አሞርዛተር በዚህ ይመደባሉ። መልስ ካለው ቸልታ ነው። ጋራዥ ከሠራው በኋላ በአጭር ጊዜ የተደገመ ብልሽት የጋራዥ ስህተት ተባለ። ሌሎቹ ሁለት ምድቦች የፋብሪካ ጉድለትና ግጭት ናቸው።

55ቱ ጥገናዎች እንዲህ ተከፈሉ፦ ዕድሜ 29፣ ቸልታ 15፣ የጋራዥ ስህተት 6፣ ግጭት 3፣ የፋብሪካ ጉድለት 2። አምስት መኪናዎችን ሲያማርር ለኖረ ሰው፣ በመኪና ሠሪው ላይ ሊጣል የሚችለው ብልሽት ሁለት ብቻ መሆኑ ቀላል ግኝት አይደለም።

ወረቀቱና ትውስታው የተለያዩበት

«አንድም ቀን አላስቸገረችም» የተባለችው ቮልስ ከአምስቱ ሁሉ የበለጠ ጥገና ያላት ሆና ተገኘች፤ ከ55ቱ 21ዱ የእሷ ናቸው። የፕላቲን መቃጠል፣ የፍሪሲዮን ገመድ መበጠስ፣ የነዳጅ መስጫ ገመድ መበጠስ፣ የካርቡራቶር መዘጋት። በስድስት ዓመት የቆመችው ግን 11 ቀን ብቻ ነው፤ አብዛኛው ብልሽት መንገድ ዳር በሰዓት ውስጥ የሚሠራ ስለነበረ። ኮሮላዋ በተቃራኒው 12 ጥገና ብቻ ኖሯት 47 ቀን ቆማለች። ፒክ አፑ 11 ጥገናና 26 ቀን፣ አራተኛዋ 8 ጥገናና 34 ቀን፣ አምስተኛዋ 3 ጥገናና 3 ቀን። በድምሩ 121 ቀን።

ከ121ዱ ቀናት 64ቱ ከሞተር ውሃ ጋር የተያያዙ ናቸው። ኮሮላዋ 29፣ ፒክ አፑ 12፣ አራተኛዋ 23። ከ15ቱ የቸልታ ጥገናዎች ደግሞ 11ዱ የውሃ ናቸው። በባለመኪናው የትውስታ ወረቀት ላይ ግን «ውሃ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጻፈው፤ እሱም ስለ ኮሮላዋ።

ኮሮላዋ፦ ውሃው ሥራውን የሠራበት መንገድ

የኮሮላዋ ወረቀቶች በቀን ተራ ሲደረደሩ ታሪኩ ራሱን ይተርካል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ማኒኮቶ ያንጠባጥብ ነበር። ማሰሪያው ተጠበቀና የጎደለው በቧንቧ ውሃ ተሞላ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በቧንቧ ውሃ መሙላት ልማድ ሆነ፤ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የተገዛበት ደረሰኝ በሰባቱም ዓመታት የለም።

ኩላንት ውሃ እንዳይፈላ ብቻ የሚጨመር የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። እርግጥ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኤትሊን ግላይኮል በተራ የአየር ግፊት እስከ 107 ዲግሪ ገደማ አይፈላም። ለዚህ ጉዳይ የሚበልጠው ግን በውስጡ ያለው ዝገት ተከላካይ ነው። አሉሚኒየም ቴስታታ፣ የብረት ብሎክ፣ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ራዲያተር በአንድ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ ተከላካይ ከሌለ ደካማው ብረት መበላት ይጀምራል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ በሚሞቅበት ቦታ ሁሉ ጨዉንና ኖራውን ይጥላል፤ ብዙ የሚጥለውም ሙቀት በሚበዛበት፣ በቫልቮላዎች ዙሪያ ነው።

በሁለተኛው ዓመት መኪናዋ በመንገድ መጨናነቅ ላይ የሙቀት መለኪያ መርፌዋ ከፍ ማለት ጀመረ። አንድ ጋራዥ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። ይህ እጅግ የተለመደ ስህተት ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ቴርሞስታት ውሃውን የሚያግድ እንቅፋት የሚመስለው ለላይ ዕይታ ነው። በብዙ ሞተሮች፣ የዚህች ኮሮላ ሞተር ጨምሮ፣ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው ጊዜ ውሃው በራዲያተር ሳያልፍ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ዕቃው ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ይመለሳል። የአምራቹ የጥገና መመሪያም ሞተሩ ሙቀት ቢሠራ እንኳ ቴርሞስታቱ እንዳይወጣ ያዝዛል። በቀላል መንገድ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሞተሩ ወደ ሥራ ሙቀቱ አይደርስም፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። የነዳጅ ደረሰኞቹ ይህን ያሳያሉ፦ ቴርሞስታቱ ከመውጣቱ በፊት በሊትር 12.4 ኪሎሜትር የነበረው በሦስት ወር ውስጥ 10.6 ሆነ። ባለመኪናው ይህን «ሞተሯ እየደከመ መጣ» ብሎ ነው ያስታወሰው።

በአራተኛው ዓመት ራዲያተሩ ተደፍኖ ተቀየረ፤ ክዳኑ ግን አሮጌው ቀረ። ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም። 0.9 ባር ገደማ ግፊት ይይዛል፤ በዚያ ግፊት ባዶ ውሃ እንኳ እስከ 118 ዲግሪ አካባቢ አይፈላም። ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግፊቱን ይለቃል፤ ውሃው ቀደም ብሎ ይፈላል፣ በእንፋሎት ይጠፋል፣ ባለቤቱ ጠዋት ይሞላል። ከጠቅላላው ሥርዓት ርካሹ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን አዲሱን ራዲያተር ያለ ጥቅም አስቀረው።

በአምስተኛው ዓመት የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሐል ያለው ማሸጊያ) ተቃጠለ። ምልክቶቹ በደረሰኙ ጀርባ በመካኒኩ እጅ ተጽፈዋል፦ ሳያንጠባጥብ ውሃ ይጎድላል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይወጣል፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ማኒኮቶ ይጠጥራል። ቴስታታው ተላጨና ተገጠመ። ከ4,200 ኪሎሜትር በኋላ እንደገና ተቃጠለ። ሁለተኛው ጋራዥ ሲከፍተው ቴስታታው ከመሐል 0.14 ሚሊሜትር ጎብጦ አገኘው። የዚህ ዓይነት ቴስታታ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ መጉበጥ የለበትም። በመጀመሪያው ጥገና መላጨቱ ተጽፏል፤ ከመላጨት በፊትም ሆነ በኋላ በቀጥ ማስመሪያና በስፔሶሜትር (ክፍተት በሚለኩ ቀጫጭን ብረቶች) ስለመለካቱ ግን ምንም አልተጻፈም። የጎበጠው ያኔ ይሁን ወይም ያለ ቴርሞስታት በተነዳበት በኋለኛው ጊዜ፣ ከወረቀት ብቻ መለየት አልተቻለም። ሁለተኛው ጋራዥ ቴስታታውን ለካ፣ አስላጨ፣ እንደገና ለካ፣ ቡሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር በሦስት ዙር አጠበቀ፣ ቴርሞስታትና ክዳን አዲስ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ሙቀት አልሠራችም። ከጊዜ በኋላ ግን ተሸጠች፤ ከገዢው በቀር ለአዲሱ ጥገና ዋጋ የሰጠው ሰው አልነበረም።

የሁለተኛው ጥገና ቀን የኮምፕሬሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለው ግፊት) ልኬት ከደረሰኙ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ አራቱም ሲሊንደር ከ12.6 እስከ 12.9 ኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር። ሲሊንደሮቹ ላይ ከፋብሪካ የወጣው ሰያፍ ጭረት እንዳልጠፋም ተጽፏል። «ሞተሯ ደካማ» የተባለችው መኪና ከሥር ጀምሮ ጤነኛ ሞተር ነበራት።

ፒክ አፑ

ፒክ አፑ ላይ ውሃው አራት ጊዜ ታየ፦ የፖምፓ ሲል፣ ማኒኮቶ፣ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት፣ እና ከብሎኩ ጀርባ ያለ ክብ የቆርቆሮ ታፓ (መድፈኛ)። የመጨረሻው ታፓ ራሱ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከውስጥ ዝጎ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አወጣ። የተቀመጠው ግን ከካምቢዮው ፊት ለፊት ስለሆነ እሱን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ ነበረበት። በትውስታው ወረቀት ላይ ይህ «የካምቢዮ ሥራ» ተብሎ ተመዝግቧል።

አራተኛዋ፦ የሞተው ካምቢዮ

የጥናቱ ዋና ግኝት አንዲት ደረሰኝ ላይ ነው። የአራተኛዋ መኪና የካምቢዮ ደረሰኝ ረጅም ስለሆነ ባለመኪናው ያነበበው የመጨረሻውን ድምር ብቻ ነበር። ከላይ ሁለተኛው መስመር ላይ ግን «ራዲያተር፣ 1» ይላል። ካምቢዮ የሞተባት መኪና ራዲያተር ለምን ተቀየረላት?

በብዙ አውቶማቲክ መኪናዎች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። ቱቦው በሞተር ውሃ ተከቦ ይኖራል፤ የሚለያቸው ቀጭን ብረት ብቻ ነው። ያ ብረት በዝገት ሲበሳ ዘይቱ ወደ ውሃ፣ ውሃው ወደ ዘይት ይገባል። ቀይ የነበረው የካምቢዮ ዘይት ወተት የተጨመረበት ሮዝ ፈሳሽ ይሆናል። ውሃና ግላይኮል በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ዲስኮች ሽፋን ከብረቱ ጋር ያያያዘውን ማጣበቂያ ያላቅቃሉ፤ ከዚያ ዲስኩ ይላጣል፣ ማርሹ መንሸራተት ይጀምራል። ይህ ከታየ በኋላ ዘይት በመቀየር ብቻ የተረፈ ካምቢዮ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ካምቢዮው የሞተው አውቶማቲክ ስለሆነ ወይም ኪሎሜትሩ ስለበዛ አይደለም። የገደለው ስድስት ዓመት የተሞላው የቧንቧ ውሃ ነው። አምስተኛዋን ለመሸጥ የቀረበው ምክንያት በዚህች መስመር ወደቀ።

የመጀመሪያዋ መኪና ያስተማረችው

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፣ እንዲህ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ውሃውን ለምን እንደረሳ ነው። መልሱ ከሰርቪስ ደረሰኞቹ ወጣ። በ27 ዓመታት ውስጥ ዘይት ሳይቀየር የተነዳበት ረጅሙ ርቀት 6,800 ኪሎሜትር ነው። በአምስቱም መኪናዎች ላይ በዘይት ምክንያት የሞተ ሞተር የለም። ባለመኪናው መኪና መያዝ የተማረው በቮልሷ ነው፤ ቮልሷ ዘይትና ቫልቮላ አስተማረችው። ውሃ ግን አላስተማረችውም፤ ምክንያቱም ውሃ አልነበራትም። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት የእጅ ልማድ በኋላ በመጡት መኪናዎች ሁሉ ላይ እንዳለ ቀጠለ፤ ጥሩውም ጉድለቱም።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይሆን አንድ ፍተሻ ተደረገ። ቮልሷ የማትጠይቃቸው ሌሎች ሰርቪሶች ሳይሠሩ ቀርተው እንደሆነ ታየ። የካምቢዮ ዘይት በአውቶማቲኮቹ ላይ አንድም ጊዜ አልተቀየረም። የመሪ ዘይትም እንዲሁ። ቮልሷ ላይ ይደረጉ የነበሩት ዘይት፣ ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያና የጎማ ነፋስ ግን በሁሉም ላይ በሰዓታቸው ተደርገዋል። የፍሬን ዘይት ከዚህ ውጭ ነው፤ ቮልሷም ነበራት፣ ሆኖም ያኔም በኋላም አልተቀየረም።

በአምስተኛዋ ላይ የተሠራው

መኪናዋ እንዳትሸጥ ተወሰነና ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ተሠራ።

ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ የራዲያተሩ ክዳን ተከፈተ። ውሃው ቀላል ቡናማ ነበር፤ የዘይት ዓይን አልታየበትም። የካምቢዮው ዘይት በዲፕስቲክ ታየ፤ ጠቁሯል፣ ግን ወተት አልመሰለም። ማለትም ቱቦው ገና አልተበሳም።

በመቀጠል የግፊት ፓምፕ በራዲያተሩ አፍ ላይ ተገጥሞ ክዳኑ በሚይዘው መጠን ተነፋ፤ ለ15 ደቂቃ መርፌው አልወረደም። ክዳኑ ለብቻው ሲፈተሽ ግን 0.6 ባር ላይ ለቀቀ፤ ተቀየረ።

የማጠቡ ሥራ ግማሽ ቀን ወሰደ። የራዲያተሩና የብሎኩ ማፍሰሻ ተከፍቶ ውሃው ወጣ፤ በተጣራ ውሃ ተሞላ፤ የካቢኑ ማሞቂያ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሞተሩ ቴርሞስታቱ እስኪከፍትና የታችኛው ማኒኮቶ እስኪሞቅ ሠራ፤ እስኪቀዘቅዝ ተጠብቆ እንደገና ፈሰሰ። የወጣው ውሃ ንጹሕ የሆነው በአራተኛው ዙር ነው። ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታ ሊሰነጥቅ ይችላልና መጠበቁን ማሳጠር አይገባም።

አሞላሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስሌት አለ። የዚህች መኪና ሥርዓት 6 ሊትር ይይዛል። ከታጠበ በኋላ ግን ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ የተጣራ ውሃ በብሎኩና በማሞቂያው ውስጥ ይቀራል። ለ6 ሊትር ግማሽ በግማሽ ለማግኘት 3 ሊትር ያልተቀላቀለ ኩላንት መጀመሪያ ይገባል፤ የቀረው ቦታ በተጣራ ውሃ ይሞላል። ቀድሞ የተቀላቀለውን ገዝቶ በቀረው ቦታ የሚሞላ ሰው ከ35 በመቶ በታች የሆነ ኩላንት ይዞ ይሄዳል። በመጨረሻ ሬፍራክቶሜትር (የኩላንቱን ድርሻ የሚለካ መሣሪያ) ላይ ጠብታ ተደርጎ ተለካ፤ 50 በመቶ አሳየ።

አየሩን ለማስወጣት መኪናዋ አፍንጫዋ ከፍ ብሎ ቆመች፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ ማሞቂያው ተከፍቶ፣ ማኒኮቶዎቹ በእጅ እየተጨመቁ የራዲያተሩ ቬንቲሌተር (ማራገቢያ) ሁለት ጊዜ እስኪነሳ ድረስ ሞተሩ ሠራ።

የካምቢዮው ዘይት በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ከግማሽ ያላነሰው በቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት በሚያገናኘው ክፍል) እና በሌሎች ክፍሎቹ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የወጣውን ያህል እየተለካ፣ በመሐሉ 1,000 ኪሎሜትር እየተነዳች፣ ሦስት ጊዜ ተቀየረ። የፍሬን ዘይቱም በዚያው ሰሞን ተቀየረ። ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ዝቅተኛው ልክ ወደ 155 ይወርዳልና በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ አይታለፍም።

የሠራውና ያልሠራው

በኪሎሜትር የወጣውን ወጪ ለማስላት የተደረገው ሙከራ አልተሳካም። በ27 ዓመት ውስጥ ገንዘብ ዋጋው ተለውጧል። የእያንዳንዱን ጥገና ወጪ በዚያን ቀን የነዳጅ ዋጋ አካፍሎ ወደ ሊትር ለመቀየር ተሞከረ፤ የነዳጅ ዋጋ ከዕቃ ዋጋ ጋር እኩል ስለማይሄድ ይህም ተተወ። መኪናዋ የቆመችበት ቀን የተሻለ መለኪያ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ቢሆን እርማት ያስፈልገዋል። ከ121ዱ ቀናት 43ቱ ዕቃ ሲጠበቅ ያለፉ ናቸው፤ የብልሽቱን ክብደት ሳይሆን የዕቃውን ሩቅነት ነው የሚያሳዩት።

ለወደፊት የተያዘው ማስታወሻ ደብተርም አልዘለቀም፤ በሦስተኛው ወር ቆመ። በአሥራ አራተኛው ወር ደግሞ መኪናዋን የሚጋራ የቤተሰብ አባል ውሃ ጎድሎ ሲያይ ከጠርሙስ የቧንቧ ውሃ ጨመረ። የጨመረው በቅንነት ነው፤ ማንም አልነገረውም ነበር። መፍትሔው ከኮፈኑ ሥር፣ ከራዲያተሩ ክዳን አጠገብ የተለጠፈ ነጭ ፕላስተር ሆነ። በላዩ የኩላንቱ ዓይነት፣ የተሞላበት ቀንና ኪሎሜትር፣ እና «ውሃ አይጨመር» ተጽፏል። ደብተሩ ያልሠራውን ፕላስተሩ ሠርቷል፤ የተጻፈው እጁ በሚደርስበት ቦታ ላይ ነውና።

ሌላ ሰው ሊወስደው የሚችለው

ያሳለፋቸውን መኪናዎች መለስ ብሎ ማየት የሚፈልግ ሰው ሁሉንም ደረሰኝ ማግኘት የለበትም። ለእያንዳንዷ መኪና ከተሸጠችበት ጊዜ ወደ ኋላ ያለውን አንድ ዓመት ማየት ብዙ ይናገራል፤ የመሸጫው ምክንያት ያለው እዚያ ነው። ያንን ምክንያት ከቀጣይዋ መኪና መግዣ ምክንያት ጎን ማስቀመጥ፣ ከዚያም ጥፋቱ ከመኪናዋ ጋር ተሸጦ እንደሆነ ወይም ከባለቤቱ ጋር እንደቀረ መጠየቅ።

ደረሰኝ በተቀበሉበት ቀን ከኮንታኪሎሜትሩ ጋር በአንድ ፎቶ ማንሳት። ረጅም ደረሰኝን መስመር በመስመር ማንበብ፤ ከዋናው ሥራ ጋር የማይሄድ ዕቃ ካለበት ለምን እንደተቀየረ እዚያው መጠየቅ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አስመጥቶ ማየትም ይገባል፤ የአራተኛዋ ራዲያተር ያኔ ቢታይ ኖሮ አምስተኛዋ አራት ዓመት ያህል በቧንቧ ውሃ አትነዳም ነበር።

የመጀመሪያ መኪናው ምን ዓይነት እንደነበረች ማስታወስና ያኔ ያልነበራትን ዕቃ መዘርዘርም ጠቃሚ ነው። በቤንዚን የጀመረ ሰው የዲዝል ፊልትሮ ውስጥ ውሃ እንደሚጠራቀምና እንደሚፈሰስ ላያውቅ ይችላል። በካቴና ሞተር የጀመረ ሰው ቺንጋ በኪሎሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመትም እንደሚያረጅ ላያስብ ይችላል። በማንዋል የለመደ ሰው ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ላይጠይቅ ይችላል። ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚሻገር ሰው ደግሞ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪያቸውን በኩላንት እንደሚያቀዘቅዙ፣ ለእነሱ የሚታዘዘውም የተለየ ዓይነት ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ መመሪያውን ማየት አለበት።

የኩላንት ቀለም ለምርጫ አይበቃም፤ አንዱ አምራች ሮዝ የሚለውን ሌላው በሌላ ኬሚካል ሊሠራው ይችላል። የሚታየው በመመሪያው ላይ የተጻፈው ዓይነት ነው። የመቀየሪያ ጊዜውም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ቶዮታ ለሮዙ ረጅም ዕድሜ ኩላንቱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያውን ቅያሬ 160,000 ኪሎሜትር ላይ፣ ከዚያ በኋላ በየ80,000 ያዝዛል። ያ ቁጥር የሚሠራው ግን በመሐል ሌላ ነገር ካልተጨመረበት ብቻ ነው።

ያገለገለ መኪና ሲታይ ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ጣት ወደ ራዲያተሩ አፍ ገብቶ ሲወጣ ቡናማ ጭቃ ከያዘ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ወዲያው የካምቢዮ ዲፕስቲክ ይታያል። በዘይት መሙያ ክዳን ሥር የሚታይ ወተት መሰል ነገር ብቻውን ግን የጓርኒሲዮን ማስረጃ አይደለም፤ አጭር ርቀት ብቻ የምትነዳ ጤነኛ ሞተርም በእርጥበት ታመጣዋለች። ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ሲደመር ነው የሚታመነው።

አምስተኛዋ መኪና ከሥራው በኋላ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። የካምቢዮ ዘይቷ ቀይ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት በውሃ ምክንያት አልቆመችም። ስድስተኛዋ ገና አልተገዛችም።